ሰው መሳል ሳይችሉ ሠዓሊ መሆን ይቻላል? ሀዋሳ ያላችሁ እርዱኝ

የታቦር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው። 12ኛን ከጨረስኩ በኋላ ማስታወቂያ ጽሑፍ ቤት ገባሁ። ታፔላ፣ ባነር፣ የባጃጅ ጀርባ ጥቅስ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ፖርትሬት አለኝ። ሰው ፎቶውን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ ካሬ ካሬ አድርጌ ከፍዬ ወረቀት ላይ አሳድገዋለሁ፣ ከዚያ በእርሳስ ጥላውን እያጠቆርኩ እጨርሳለሁ። ፀጉሩን አንድ በአንድ ነው የምሠራው። ለልደትና ለምረቃ ጥሩ ይሸጣል። ሰው ሲያየው «ፎቶ ነው እንዴ?» ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ዘንድሮ አዲስ አበባ ሄጄ የሥዕል ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። ሥራዎቼን ሰብስቤ መጀመሪያ እዚሁ ሀዋሳ አንድ የሥዕል መምህር ጋ ወሰድኩ። አገላብጠው አዩት፣ ምንም አላሉም። ከዛ ሻይ የሚያመላልሰውን ልጅ ጠሩና «እዚህ ጋ ቁም» አሉት። ለኔ ወረቀት ሰጥተው «10 ደቂቃ አለህ፣ ሳለው» አሉኝ።

ላብ በላብ ሆንኩ። ራሱን ሠራሁ፣ አሪፍ ወጣ። ዓይኑ ልክ ነው፣ አፍንጫው ልክ ነው። ወደ ታች ስወርድ ወረቀቱ ጉልበቱ ላይ አለቀ! እግር የለም። ትከሻው ደግሞ ኮት መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። መምህሩ አይተው «አንተ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነህ፣ መጀመሪያ ሰው መሳል ተማር» ብለው ሸኙኝ። ከፒያሳ እስከ ቤቴ ድረስ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ያን ያህል ተቃጥዬ ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይሄ ፊገር ድሮዊንግ የሚሉት፣ ሰው ፊትህ አቁመህ የምትሥለው ነገር ለምንድን ነው የሥዕል ትምህርት ቤት ሁሉ እንደ ሀ ሁ መጀመሪያ ላይ የሚደቅነው? ዛሬ ሰውን እንደ ሰው የሚሠራ ሠዓሊ ስንት አለ? ደግሞ ግዴታ ከሆነስ ሀዋሳ ላይ ሞዴል ከየት ይመጣል? ሌላው እናቴ ናት። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ራቁት የቆመ የሰው ሥዕል ስገለብጥ አየችኝና ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ጸበል ብንሄድ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ። እየቀለድኩ አይደለም።

ከሰል በእጄ፦

ወንድሜ አትናደድ፣ መምህሩ ውለታ ነው የዋሉልህ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ እንኳን ጉልበት ላይ ወረቀት እያለቀብኝ አንድ መንፈቅ አልፏል።

ያንተ ችግር እጅ አይደለም፣ እጅህ ሠልጥኗል። ያልሠለጠነው ዓይንህ ነው፣ ምክንያቱም ከባዱን ሥራ ስልኩ ሲሠራልህ ነው የኖርከው። ክብ የነበረውን ነገር ጠፍጣፋ ያደረገው ካሜራው ነው። የቱ ከየቱ ይረዝማል የሚለውን የወሰነው ካሬው ነው። ላንተ የቀረችህ ማጥቆር ብቻ ናት። ስልክ ደግሞ ውሸታም ነው፤ አስጠግተህ ስታነሳበት አፍንጫ ያሳብጣል፣ ጆሮ ያሳንሳል። አንተ ያንን ውሸት ፀጉር ሳታስቀር ትገለብጣለህ።

ለምን ሰው? አንድ ዛፍ ሳል። ቅርንጫፉን በስንዝር ብታሳስት ማንም አይነቃብህም። ክንድ በሁለት ጣት ብታስረዝም ግን ስለ ሥዕል ምንም የማያውቅ ሕፃን ልጅ «ይሄ ሰውዬ እጁን ምን ሆኖ ነው?» ይልሃል። ዓይናችንን ከገለጥንበት ቀን ጀምሮ ሰው ስናይ ነው የኖርነውና ስህተት መደበቂያ የለውም። ልኬት፣ ሚዛን፣ ጥላ፣ እንቅስቃሴ፣ ሁሉንም በአንዴ የሚፈትን ነገር ከሰውነት ሌላ የለም። የፈረንጅ የሥዕል አካዳሚዎች ሰው መሳልን የሙጥኝ ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ታሪኩን ካነሳን፣ ፍሎረንስ ላይ በፈረንጅ 1563 ቫዛሪ በሚባል ሠዓሊ ግፊት የተቋቋመው አካዳሚ ስሙ ራሱ የንድፍ ጥበባት አካዳሚ ነው። ሥዕሉንም ቅርጻ ቅርጹንም ሕንፃውንም የሚወልደው ንድፍ ነው ብለው ነው። ፓሪስ በ1648 የንጉሡ አካዳሚ ሲከፈት ደግሞ ነገሩ ጠበቀ። የሚገርምህ ነገር እዛ ቀለም አያስተምሩም ነበር! ቀለም መቀባት ተማሪው በየመምህሩ ስቱዲዮ የሚማረው ነው፣ አካዳሚው ውስጥ ንድፍ ብቻ ነው። ሞዴል ፊት ተቀምጠው የሚሠሩት ንድፍ ራሱ «አካዴሚ» ተባለ። እስቲ አስበው፣ የአንድ ልምምድ ወረቀት በትምህርት ቤቱ ስም ሲጠራ።

ደግሞ ማንም ዘሎ ሞዴል ፊት አይቀመጥም። መጀመሪያ የሌላ ሰው ንድፍ ትገለብጣለህ፣ ቀጥሎ የጀሶ ሐውልት ትሥላለህ፣ ሕያው ሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጀሶ የተመረጠው ነጭ ስለሆነ ጥላው ቁልጭ ብሎ ስለሚታይና ስለማይንቀሳቀስ ነው። አያስልም፣ አይደክምም፣ ሻይ ልጠጣ አይልም። ሻርል ባርግ የሚባል ፈረንሳዊ ዤሮም ከሚባል ሠዓሊ ጋር ሆኖ ከ1866 እስከ 1871 ድረስ ለዚሁ መገልበጫ የሚሆኑ የንድፍ ወረቀቶች አሳትሟል። ቫን ጎግ ሥዕል ሲጀምር እነሱን ቁጭ ብሎ ገልብጧል፣ ያ እንደ እብድ የሚቀባ የሚመስልህ ቫን ጎግ። አሁን በነፃ ይገኛሉ፣ አውርዳቸው። ግን ካሬ አትሥራባቸው!

የግንበኛ ቱምቢ ታውቃለህ አይደል? አንድ ክር ላይ ብሎን እሰርና የራስህን ሥራ። ሰው አንድ እግሩ ላይ ተደግፎ ሲቆም ክሩን ዓይንህ ፊት አንጠልጥለህ ከአንገቱ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ጋር አስተካክል። ወደ ታች ተከተለው። ክብደቱን የተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያርፋል። ወረቀትህ ላይ ሌላ ቦታ ካረፈ ሰውዬህ እየወደቀ ነው። ያ ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ ኮት መስቀያ የመሰለብህም ለዚህ ይሆናል፣ ሁለቱ እግሩ ላይ እኩል አቁመኸዋል መሰለኝ።

ከራስ አትጀምር። መጀመሪያ ጫፍና ጫፉን ምልክት አድርግ፣ አናቱ እዚህ፣ ተረከዙ እዚህ። ከዚያ መሐሉን ፈልግ፤ የቆመ ሰው መሐሉ እምብርቱ አይደለም፣ ከእምብርት ወርዶ እግሮቹ የሚገናኙበት አካባቢ ነው። ዓይን የሚሠራው በመጨረሻ ነው። አንተ በዓይን ጀምረህ በጉልበት ጨረስክ።

አባ ቡሩሽ፦

ከሰል በእጄ ደህና ብለሃል፣ ግን አንድ ነገር ይደብረኛል። የኛ ሠዓሊዎች ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ቤተክርስቲያን ሲሥሉ ማንን ሞዴል አቆሙ? ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ከሃዲውን በጎን በአንድ ዓይን፣ አለቀ። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ነው የተላለፈው። ዓይኑ ትልቅ ነው፣ እጁ ከፊቱ ሊበልጥ ይችላል፣ ማንም ምዕመን ግን «እጁ ምን ሆኖ ነው» አላለም፣ ተሳልሞ ነው ያለፈው። እና ሕፃን ልጅ እንኳ ስህተቱን ያውቃል የምትለው ሁሌ አይሠራም።

ያ ስምንት ራስ የሚሉት፣ የሰው ቁመት የራሱ ስምንት እጥፍ ነው የሚባለውም የግሪክ ሐውልት ልክ ነው። የኔ አጎት ስምንት ራስ አይሞሉም፣ ስድስት ተኩል ቢሆኑ ነው፣ ባርኔጣቸውን ጨምሮ። ልጁ ሰው መሳል ይማር፣ አልቃወምም። ግን በፈረንጅ ጀሶ ካላለፍክ ሠዓሊ አይደለህም የሚባለው ነገር ሲሰለቸኝ ነው።

ከሰል በእጄ፦

አባ ቡሩሽ ስለ ስምንት ራስ እጄን ሰጥቻለሁ። ሞዴል የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው እኮ። ቀመር ሸምድደህ ስትመጣ የቆመው ሰውዬ ቀመርህን ያፈርስብሃል፣ አጎትህ ቢቆሙልን ስድስት ተኩል እንሥላቸዋለን።

ስለ ቤተክርስቲያን ሥዕሉ ግን እሱም የሰው ሥዕል ትምህርት ነው፣ ሕጉ ሌላ ሆኖ ነው። እዛ የሚለካው የሥጋ ክብደት አይደለም። ደግሞ የቤተክርስቲያኑና የአካዳሚው ትምህርት እኛ አገር ተጣልተው አያውቁም። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም ከቤተክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጡ ናቸው፣ ቺካጎ ሄደው ተምረው መጡና በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥዕል ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ ረቂቅ ሥዕል ይዞ ሁሉንም አስደነገጠ፣ ግን «ጎልጎታ» የሚለውን ሥዕሉን እይ፣ ያ ሁሉ ቀይ ውስጥ አካል አለ።

ሠዓሊ ታደሰ መስፍንን ደግሞ ተመልከት። ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ሬፒን ኢንስቲትዩት የሚባል የሥዕል ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ሩሲያኖቹ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፣ ታላላቅ ሠዓሊዎቻቸውን ሬፒንንም ሱሪኮቭንም ሴሮቭንም ያስተማረው ቺስትያኮቭ የሚባል አንድ ኮስታራ መምህር ነው። ታደሰ የሚሥላቸው ገበያ ላይ የቆሙ ሴት ነጋዴዎች ረዣዥም ናቸው፣ ግማሽ ገላቸው ከጀርባው ቀለም ጋር ይቀልጣል፣ ልኬት ፍለጋ ብትሄድ ስንት ራስ እንደሆኑ ይጠፋብሃል። ግን መሬት ረግጠዋል። እግር ባይሠራላቸው እንኳን እንደቆሙ ታውቃለህ። ጠያቂያችን «ዛሬ ሰውን እንደ ሰው የሚሠራ ስንት አለ» ላልከው መልሴ ይሄ ነው፣ ማጥፋት የሚችለው መሥራት የሚችል ነው።

የአላሙራዋ፦

ወንዶች ስለ ቫዛሪ ስትጨቃጨቁ የልጁን እናት ረሳችኋት።

የታቦር ልጅ፣ እናትህ ብቻዋን አይደለችም፣ ፈረንጆቹም ከዚህ ነገር ጋር ስንት ዘመን ታግለዋል። በተለይ እኛን ሴቶቹን ለማስወጣት ተመቻቸው። ለንደን ላይ በ1768 ሮያል አካዳሚ የሚባለው የሥዕል አካዳሚ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፣ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዞፋኒ የሚባል ሠዓሊ አባላቱን ሁሉ ራቁት ሞዴሎች ዙሪያ ሰብስቦ ሣላቸው። ሁለቱን ሴቶችስ የት አደረጋቸው? ግድግዳ ላይ! የተሰቀለ ምስል አድርጎ። ሞዴል ባለበት ክፍል ሴት መግባት ነውር ስለነበር መሥራቾቹን ፍሬም ውስጥ አስገባቸው። እዛ አካዳሚ ሴት ተማሪዎች በከፊል የተሸፈነ ሞዴል እንዲሥሉ የተፈቀደላቸው በ1893 ነው። ፓሪስ ኤኮል ደ ቦዛር የሚባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ሴት ያስገባው በ1897። አሜሪካ ፊላደልፊያ ላይ ቶማስ ኢኪንስ የሚባለው መምህር በ1886 ሴቶች ባሉበት ክፍል የወንድ ሞዴል ሽፋን አንስቶ ከሥራው ለቀቀ፣ ማለት አስለቀቁት።

ውጤቱን አስበው። ያኔ ትልቅ ሥዕል የሚባለው የታሪክና የሃይማኖት ሥዕል ነው፣ እሱ ደግሞ በሰው የተሞላ ነው። ሰውነት እንዳትማር የተከለከለች ሴት አበባና ሳህን ስትሥል ትኖራለች። ከዛ «ሴቶች ትልቅ ሥዕል አይሠሩም» ይሏታል። ስለዚህ ይሄን ትምህርት እንደ ዋዛ አትየው፣ በር ነበር።

ወደ እናትህ ስንመጣ እኔም ቤት አማኝ ቤተሰብ ነው ያለው፣ ራቁት ሥዬ አላውቅም፣ ያቃተኝ ነገር ግን የለም። ልብስ ይናገራል። ክርን ሲታጠፍ ሸሚዝ የት ጋ ይኮማተራል፣ ጉልበት ቀሚስን የት ጋ ይገፋል፣ እሱን ካየህ ከሥሩ ያለውን ታውቃለህ። ነገር የምትደብቅ ከመሰላት ግን እናትህ መጠርጠሯ አይቀርም። በቃ እሷን ራሷን ሳላት። ቡና ስትቆላ ቁጭ ብላለች፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከዛ በርጩማ አትነሳም። ከሷ የተሻለ ሞዴል ከየት ታመጣለህ?

ባለ ሦስት እግር፦

ምናሃሪያ ጋ ባጃጅ ተራ እንጠብቃለን፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። እግራችንን ሰቅለን ተኝተን ነው። በነፃ ሳሉን፣ ሆዴን ግን ቀንሱልኝ ሃሃሃ

ፊዚዮ፦

ሥዕል አልችልም፣ ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ ግን ስለ አቋቋም ያላችሁት ስለሳበኝ ልጨምር። ሰው በአንድ እግር ሲያርፍ ክብደት የተሸከመው ወገን ዳሌ ከፍ ይላል፣ የላላው ወገን ይወርዳል። ሰውነት እንዳይወድቅ አከርካሪው ይታጠፍና ትከሻው በተቃራኒው ይጋደላል። ማለትም ከፍ ባለው ዳሌ በኩል ያለው ትከሻ ዝቅ ይላል። ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ ገና በር ላይ ሲቆም እኔ የማየው መጀመሪያ ይሄን ነው። ለናንተ ሁለት መስመር ነው፣ አንዱ በትከሻ አንዱ በዳሌ። ሁለቱ ትይዩ ከሆኑ ሰውዬህ ወታደር ነው፣ ወይ ታፔላ ነው።

እጅ ስትሥሉ ደግሞ አሳንሳችሁ ነው የምትሠሩት፣ ብዙ ሥዕል ላይ አያለሁ። መዳፋችሁን ፊታችሁ ላይ አድርጉ፣ ከአገጭ እስከ ፀጉር መብቀያ ይደርሳል።

የታቦር ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቤት ጀመርኩ። እናቴን ቡና ስትቆላ ሣልኳት። ስትጨርስ መጣችና አየችው። ዝም አለች። ከዛ «ጀርባዬን ይሄን ያህል አጎበጥከው?» አለችኝ። ተመልሳ በርጩማው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና «በል እንደገና» አለችኝ። መቁያው ባዶ ነበር እኮ፣ ቡናው ተወቅጦ አልቋል! ጸበሉ በዚሁ ቀረ።

ከዛ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ወረድኩ። ሥፍራውን ታውቁታላችሁ፣ ጀልባዎቹ ገብተው መረቡን የሚፈቱበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ከአንድ ጥግ ተደብቄ መሳል ጀምሬ ነበር፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ አየኝና «ምን ትጽፋለህ? ከግብር ነው?» ብሎ ጮኸ። ወረቀቱን ሳሳየው ሳቀ። ከዛ በኋላ የፈለግከው ቦታ ቁም አሉኝ።

አንድ ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይበልታል። ቆዳውን በቢላ ጫፍ ያስለቅቅና በጥርሱ ነክሶ ዓሣውን ወደታች ይስበዋል። ያኔ አንገቱ ላይ ከጆሮው ሥር ተነስቶ እስከ ደረቱ አናት ድረስ አንድ ጅማት እንደ ገመድ ብድግ ይላል። ከኢንተርኔት አውርጄ ስገለብጠው የነበረው ጡንቻ ነው፣ ስሙን እንኳን አላውቀውም ነበር፣ እዛ ሳየው ግን ለምን እዛ እንዳለ ገባኝ። አንገት ላይ የተሣለ ጌጥ አይደለም፣ ይስባል። 20 ጊዜ ሣልኩት፣ ምክንያቱም አንዱ ዓሣ ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ያው ሞዴል ያንኑ አቋም እየደጋገመ ይሰጠኛል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ዙሪያዬን ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፣ አንዱ ላጲሴን አንስቶ ተፋው። ከዛ ወዲህ በከሰል እየሣልኩ በለስላሳው የዳቦ ውስጥ ነው የማጠፋው፣ ከሰሉንም ራሴ ነኝ የምሠራው፣ ቀጫጭን እንጨት በተዘጋ ጣሳ ውስጥ አክስዬ።

ቱምቢውን ሠራሁት። መረብ የሚፈታ አንድ ትልቅ ሰውዬ ላይ አንጠለጠልኩት፣ እውነትም ክሩ ከአንገቱ ጎድጓዳ ወርዶ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ጋ አረፈ። እኔ ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ሊገባ ነው። አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ዳሌና ትከሻውን በሁለት መስመር አስቀድሜ አስቀመጥኩ (ፊዚዮ ተባረክ)። ለመጀመሪያ ጊዜ የሣልኩት ሰው መሬት ላይ ቆመ። ፊት የለውም፣ ፀጉር የለውም፣ ግን ቆሟል።

ጨርሼ ለሰውየው አሳየሁት። አየው፣ የራሱን እጅ ዘረጋና አየው፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። «ደህና ነው» አለ፣ «ግን ግራ እጄን ለምን አሳጠርከው? በዚች እጅ እኮ መረብ አይጎተትም።»

ለካሁት። ልክ ነው፣ በሁለት ጣት አጥሯል።

አባ ቡሩሽ፦

ሃሃሃ እሺ፣ ዓሣ አጥማጁ አሸንፎኛል። ቅዳሜ እኔም እወርዳለሁ።

የአላሙራዋ፦

እኔም አለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት በሩ ጋ። እናትህን ግን አመስግንልኝ፣ ሁለተኛው ሥዕል እንዴት እንደወጣም ንገረን።

የታቦር ልጅ፦

ሁለተኛው ላይ ቀጥ ብላ ስለተቀመጠች ታፔላ መሰለች። ይሄን ግን አልነገርኳትም።

ከሰል በእጄ፦

አትንገራት። ቅዳሜ ትርፍ ቱምቢ ካለህ ይዘህልኝ ና፣ የኔ ክር ተበጥሷል።